አክተሩ አይሞትም፤ ክፉውስ?

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፤ አክተሩ አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ሕንጻ ቢናድበት፣ መኪናው ገደል ቢገባ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። የሚሞተው ክፉው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ማንም አይጠብቅም፤ ጽሑፉ መውረድ ሳይጀምር ሰዉ ወደ በሩ እየተጋፋ ነው።

«ዶክተር ሁ» የሚባለው የእንግሊዞች ተከታታይ ድራማ ይህን ሕግ ገልብጦታል። እዚያ አክተሩም ይሞታል፤ ሲሞት መልኩ ተቀይሮ በሌላ ተዋናይ ይቀጥላል። አልሞት ያሉት ክፉዎቹ ናቸው። ይደመሰሳሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ዘራቸው ጠፋ ይባላል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማታ ብቅ ይላሉ። ያኔ ተመልካቹ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «እንኳን መጣ» ይላል፤ ግማሹ «ያረፈውን ምን አስነሣችሁት» ይላል።

ይህ ክርክር ባለፈው ክረምት አዳማ እኛ ሳሎን ገብቶ ሁለት ሳምንት ሰነበተ። ያመጣብን የእህቴ ልጅ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ለንደን በመሆኑ ቤተሰቡ «ለንደን» እያለ ይጠራዋል። ከሻንጣው መጀመሪያ የወጣው ስጦታ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ነበር። ገና ከመምጣቱ ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አይቶ «ይሄማ ለቀረጻ የተሠራ ነው» ያለ ልጅ ነው። (በመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይኖች አሉ። እኛ ስለለመድናቸው ቀና ብለን አናያቸውም።)

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ዶክተሩ ሰው መሳይ የሌላ ዓለም ፍጡር ነው። ከውጭ የድሮ የፖሊስ ስልክ ሣጥን በምትመስል፣ ውስጧ ግን አዳራሽ በሚያህል ሰማያዊ መንኮራኩር በዘመንና በሕዋ ይጓዛል። ቢቢሲ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳየው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። የእኛ ቴሌቪዥን የተጀመረው በዓመቱ ነውና ድራማው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታላቅ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተቋረጠ። በ1996 አንድ ፊልም ተሞክሮ ሳይገፋበት ቀረ። ማርች 26 ቀን 2005 ራስል ቲ ዴቪስ በሚባል ጸሐፊ መሪነት ሲመለስ፣ በ1989 ልጆች የነበሩት ወላጆች ሆነው ከልጆቻቸው ጋር ለማየት ተቀመጡ። የክርክሩ ምንጭ ይህ ነው። አባት የሚያስታውሰው ጭራቅ አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ግን ስሙንም ሰምቶ አያውቅም።

እንግሊዞች ስለዚህ ድራማ ሲያወሩ «ከሶፋ ጀርባ ተደብቀን ያየነው» ማለት ይወዳሉ። እኛ ቤት ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ መደበቂያው የእናት ነጠላ ነው።

የክፉዎቹ ሁሉ አውራ ዳሌክ ይባላል። ቴሪ ኔሽን የሚባል ጸሐፊ ፈጠረው፤ ሬይመንድ ኩሲክ ቅርጹን አወጣለት፤ ድራማው በተጀመረ በአንድ ወር ውስጥ በዲሴምበር 1963 ታየ። መልኩን ልንገራችሁ። ሰው የሚያህል የቁንዶ በርበሬ መነስነሻ አስቡ። ግንባሩ ላይ አንዲት ዓይን በዘንግ ተሰክታለች፤ በአንድ በኩል መሣሪያ፣ በሌላ በኩል የተዘጋ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ የምንከፍትበትን ባለእጀታ ላስቲክ የመሰለ ክንድ አለው። በውስጡ ከጥላቻ በቀር ሌላ ስሜት የሌለው ትንሽ ፍጡር ተቀምጧል። ጦርነቱ ካበቃ ገና 18 ዓመቱ ነበርና፣ ከራሱ ዘር ሌላ ያለው ሁሉ ይጥፋ የሚል ፍጡር ማንን እንደሚያስታውስ የዚያን ጊዜ ወላጆች መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ሞጆ ላይ ጋራዥ ያለው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እሑድ እሑድ ለምሳ ይመጣል። ዳሌኩን እንዳየ ሳቀ።

«ይሄ ነው እንግሊዝን ያስፈራው? ለመሆኑ ደረጃ እንዴት ይወጣል?»

«ቆይ ጋሼ፣ ትንሽ ጠብቅ» አለ ለንደን።

ጋሼ ሳያውቀው እንግሊዞች ለአሥርት ዓመታት ሲቀልዱበት የኖሩትን ቀልድ ነው የተናገረው። ሮበርት ሸርማን የጻፈው የ2005ቱ «ዳሌክ» የተባለው ክፍል ደግሞ ይህን ቀልድ አውቆ ነው የሚጀምረው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ዩታ ውስጥ ከመሬት በታች ከሌላ ዓለም የወደቁ ዕቃዎችን የሚያከማችበት ቤተ መዘክር አለው። እዚያ አንድ ዳሌክ በሰንሰለት ታስሮ፣ አናግረው እየተባለ ይሠቃያል። ዶክተሩ ዳሌኮችን ሁሉ፣ የራሱንም ወገኖች ጭምር በጨረሰ ጦርነት ውስጥ ያለፈ ነው። ጨለማው ክፍል ውስጥ ጠላቱን ሲያይ መጀመሪያ በፍርሃት በሩን ይደበድባል። መሣሪያው እንደማይሠራ ሲያውቅ ግን ይስቃል፤ ይሳለቅበታል፤ በኤሌክትሪክ ሊገድለውም ይሞክራል። ቆየት ብሎ ዳሌኩ ለዶክተሩ፣ አንተም እኮ ጥሩ ዳሌክ ይወጣሃል ይለዋል። ሳሎናችን ጸጥ አለ።

ደረጃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሸሹት ወጣቶች ደረጃ ላይ ወጥተው ቁልቁል እያዩት ይቀልዱበታል። ዳሌኩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ጋሼ «በለው!» ብሎ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በ1988ም አንድ ዳሌክ ደረጃ ወጥቶ ነበር፤ ግን ያኔ ብዙ ሰው ድራማውን ማየት ትቶ ስለነበር ቀልዱ አልሞተም።

በመጨረሻ ዶክተሩ ትልቅ መሣሪያ ተሸክሞ ይመጣል። የ19 ዓመቷ ሮዝ መሐል ትገባለች። ዳሌኩ ብረቱን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያም እንዲሞት እንድታዘው ይለምናታል። የ11 ዓመቷ ልጄ «አሳዘነኝ» አለች ቀስ ብላ። የ8 ዓመቱ ወንድሟ «ይህን ሁሉ ሰው ገድሎ?» ብሎ ተቆጣ። እሑድ ማታ እራት ላይም ይከራከሩ ነበር።

ይህ ክፍል ለጥቂት ሳይሠራ ሊቀር ነበር። የዳሌኮቹ መብት በከፊል የቴሪ ኔሽን ወራሾች ነው። በ2004 ድርድሩ ፈርሶ ስለነበር ሸርማን ዳሌክ የሌለበት ሌላ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። በኋላ ተስማሙ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ጭንቀት ሳይጠቅም አልቀረም። ጸሐፊው ዳሌኩን እንደ አክስት ልጅ ሠርግ «ይምጣ እንጂ» ብሎ አልጠራውም፤ ለምን እንደመጣ፣ ሲመጣ ዶክተሩን ምን እንደሚያደርገው አስቦበታል። የድሮውን ያየ አባት ትዝታው ይነካል። ምንም ያላየው የሞጆ መካኒክም ሻዩን ያስቀምጣል።

ለንደን በዚህ ይስማማል። የሚናደደው በሌሎቹ ነው፤ ሲናደድም አማርኛው ይጠፋበታል።

በ2010 ዳሌኮቹ በአዲስ ቅርጽ መጡ። ወፈር ጎበጥ ያሉ ሆነው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ነጭ ተቀቡ። ጋሼ ፎቶውን አይቶ «ገና ከኮንቴይነር የወረደ ባጃጅ» አላቸው። የእንግሊዝ ተመልካችም ከዚህ የተሻለ ነገር አልተናገረም። ብዙ ሳይቆዩ ወደ ኋላ ተገፍተው የነሐስ ቀለሞቹ ተመለሱ።

አልቃሾቹ መላእክት የባሰ ነገር ደርሶባቸዋል። በ2007 «ብሊንክ» በተባለው ክፍል ሲመጡ የድንጋይ ሐውልቶች ነበሩ። ስታያቸው ድንጋይ ናቸው፤ ዓይንህን ስትጨፍን ይቀርቡሃል። አንድም ጊዜ ሲንቀሳቀሱ አይታዩም፤ አስፈሪነታቸውም ይኸው ነው። በ2010 ሲመለሱ ኃይል ተጨመረላቸው፣ ብዛት ተጨመረላቸው፣ ጭራሽ ሲንቀሳቀሱም ታዩ። ለንደን «ተበላሹ» ይላል። እኔ የበለጠ ርኅሩኅ ነኝ፤ በ2010ም ቢሆን ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ነው ያየሁት።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ ሱቴክ አለ። በ1975 የታየ፣ የጥንት ግብፆች አምላክ ስም የያዘ ጨካኝ ነው። በጁን 2024 የምዕራፉ ፍጻሜ ላይ ተመለሰ። ድምፁን የሰጠው ያው የ1975ቱ ጋብሪኤል ዉልፍ ነው፤ 49 ዓመት ቆይቶ! የድሮ አፍቃሪዎች አለቀሱ ቢባል አልገረምም። ግን ቢቢሲ ፍጻሜው ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው የ1975ቱን ታሪክ አሳጥሮ እንደገና አሳይቷል። ለማያውቁት እንዲያውቁ ነው። እንደኔ ክፉን ለመፍራት የቤት ሥራ ካስፈለገ ነገሩ ተበላሽቷል። ልጄ ሱቴክን አይታ «ማነው?» አለች፤ ለንደን ሩብ ሰዓት አስረዳት፤ ሲጨርስ «እሺ» አለች። በእሷ ቋንቋ «እሺ» ማለት «አልፈራሁም» ማለት ነው።

ራኒን እንኳ ለሱ ስል ባልፋት ይሻል ነበር። የተዋጣላት ክፉ ሳይንቲስት ናት፤ በዋናው ድራማ ከ1987 በኋላ አልታየችም። ድራማው በ2005 ከተመለሰ ጀምሮ ማንነቷ ያልታወቀ ሴት በታየች ቁጥር አፍቃሪዎቹ «ራኒ ናት!» ሲሉ ሃያ ዓመት ኖሩ። በሜይ 2025 በእውነትም መጣች፤ አርቺ ፓንጃቢ በግሩም ሁኔታ ተጫወተቻት። በምዕራፉ ፍጻሜ ላይ ኦሜጋ የሚባል ሌላ የድሮ ክፉ መጥቶ ዋጣት። ቃሉ ምሳሌያዊ አይደለም፤ ዋጣት። ለንደን ይህን ሲተርክ እናቱ የሞተችበት ይመስላል።

ጋሼ ክርክሩን ወደ አገር ቤት ያመጣው እዚህ ላይ ነው።

«እስቲ አስበው» አለው። «‹ሰው ለሰው› ነገ ተመልሶ ይጀምራል ቢባል አስናቀን ታመጣዋለህ?»

ለንደን አስናቀን አያውቅም፤ ያ ድራማ በኢቲቪ ሲታይ እሱ ዳይፐር ላይ ነበር። እኛ ግን ሁላችንም ከወንበራችን ቀና አልን። የሕግ ባለሙያም የሆነው አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ማን ይረሳል? ረጋ ያለ፣ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ቤት የሚያፈርስ ክፉ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው ከመንገድ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ባለቤቴ «ያለ አስናቀ ምን ሰው ለሰው አለ፣ ይምጣ እንጂ» አለ። ጋሼ እጁን አወዛወዘ። «እኔ አልፈልግም። አስናቀ ያስፈራኝ ጎረቤቴ ስለሚመስለኝ ነው። አሁን ቢመጣ ‹አስናቀ መጣ!› ብዬ አጨበጭባለሁ። የምታጨበጭብለትን ሰው ደግሞ አትፈራውም።»

በሁለቱ ሳምንት ከተባለው ሁሉ ይህ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ዳሌኮችም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አሻንጉሊት ሆኑ፣ የሻይ ኩባያ ላይ ታተሙ፣ ሕዝብ ወደዳቸው። የተወደደን ክፉ እንደገና ማስፈራት ከባድ ሥራ ነው።

ልጆቹ በኦሮምኛ «አኮ» የሚሏቸው አማቴ ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ቆይተው ነበር። ክርክሩ ገርሟቸዋል። እሳቸው ለልጆቻቸውም ለልጅ ልጆቻቸውም የነገሩት ወራቤሳን ነው፤ በአማርኛው አያ ጅቦን። ትናንት ማታ ገደል የገባው ጅብ ዛሬ ማታ አህያዋን ሊያታልል ይመጣል። «እንዴት ተረፈ ብሎ የጠየቀኝ ልጅ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን የትኛው ጅብ ነው ብለን አልጠየቅንም። ጅቡ ግን ትናንትን አያስታውስም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ አዲስ የሚሆነው። የተከታታይ ድራማ ክፉ ያስታውሳል። እኛም እናስታውስበታለን። ስለዚህ ሲመለስ አንድ ነገር ይዞ መምጣት አለበት።

ለዚህ ከሁሉም የምመርጠው ማስተርን ነው። እንደ ዶክተሩ ያለ፣ ከአንድ ዓለም የመጣ፣ የልጅነት ጓደኛው የነበረ ጠላት ነው። በ1971 ሮጀር ዴልጋዶ ጀመረው፤ ተዋናዩ በ1973 ቱርክ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሌሎች ተኩት። በ2007 የተመለሰው እንዲህ ነው። ዴሬክ ጃኮቢ የሚጫወቱት አንድ ደግ ሽማግሌ ፕሮፌሰር አሉ፤ በዓለም ፍጻሜ ዘመን የቀሩትን ሰዎች ለማዳን ሲደክሙ ያረጁ ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ ከፍተውት የማያውቁት የኪስ ሰዓት አለ። ሰዓቱ ሲከፈት ማስተር መሆናቸውን ያስታውሳሉ፤ ደጉ ሽማግሌ ዓይናችን እያየ ይጠፋሉ። የድሮውን ያየ ሰው ሰዓቱ እንዳይከፈት ይለምናል። ያላየው ልጅ ደግሞ የወደዳቸውን ሽማግሌ ያጣል። የ8 ዓመቱ ልጄ «ፕሮፌሰሩ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። በ2014 ማስተር ሴት ሆና ስትመጣም እንግሊዝ አገር ትንሽ ጫጫታ ነበር፤ ሚሼል ጎሜዝን ካዩ በኋላ ግን ብዙዎቹ ዝም አሉ። ደግ ለመሆን ስትሞክር በ2017 የገደላት የቀድሞው ራሷ ነው። ከዚህ የከፋ ጠላት አላውቅም።

አንድ ክርክር ግን ከቀልድ በላይ ነበር። ዳሌኮቹን የፈጠረው ሳይንቲስት ዳቭሮስ ይባላል። ከ1975 ጀምሮ የምናውቀው ፊቱ የተቃጠለ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ከወገቡ በታች የዳሌክ ቅርጽ ባለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚኖር ሆኖ ነው። በኖቬምበር 2023 ለዕርዳታ ማሰባሰቢያ በተሠራ አጭር ክፍል ያው ተዋናይ ጁሊያን ብሊች በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ፊቱ ጤነኛ ሆኖ ታየ። ዴቪስ ምክንያቱን በግልጽ ተናገረ። የአካል ጉዳትን ከክፋት ጋር የማያያዝ ረጅም ልማድ አለ፤ ዳቭሮስን ከዚህ በኋላ እንዲህ ነው የምናሳየው አለ። ተመልካቹ ተከፈለ። ገሚሱ «ትክክል» አለ፤ ገሚሱ «የዳቭሮስ አካል የታሪኩ ክፍል ነው፤ አትሰርዙብን» አለ።

ለንደን ከሁለተኞቹ ነው። ወንበሩ የዳሌክን መልክ ያስረዳል ይላል፤ የሰውየው ክፋት ከወንበሩ የመጣ አይደለም ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። እኔ ግን የራሳችንን ፊልሞችና ተረቶች አስባለሁ። አንካሳው፣ አንድ ዓይናው፣ ፊቱ ጠባሳ ያለው ሰው በር ከፍቶ ሲገባ ገና ቃል ሳይናገር ማን እንደሆነ እናውቃለን። ይህን ለልጆቻችን ያስተማርነው እኛ ነን።

በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ልጅ ከልጆቼ ጋር ልታይ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በክራንች ነው የምትሄደው። የዚያን ቀን ተራው የ2008ቱ፣ ዳቭሮስ የሚመለስበት ባለሁለት ክፍል ታሪክ ነበር። ለንደን ለአራት ቀን «ይህን ጠብቁ» ሲለን የቆየው እሱን ነው። ልጅቷ ክራንቿን ሶፋው ጎን አስደግፋ ስትቀመጥ አየኋት። ለንደንም አየ። ሪሞቱን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ «ፋይሉ አልከፍት ብሏል» ብሎ ሌላ ክፍል ከፈተ። ልጆቹ አጉረመረሙ። ማታ ጋሼ በስልክ ሲያወራው ግን ያው ክርክሩን ቀጥሏል፤ ወንበሩ ይኑር፣ ታሪክ አይሰረዝ እያለ።

ከልጆቻችሁ ጋር መጀመር ለምትፈልጉ እኔ የምመክረው ከ1963 አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም የለመደ ልጅ ዛሬ የለም። ከ2005ቱ ምዕራፍ ጀምሩ፤ ስድስተኛው ክፍል «ዳሌክ» ነው። ሳይበርመን የሚባሉት፣ ሰውን በብረት የሚያለብሱት የ1966 ክፉዎች በ2006 ተመልሰዋል፤ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይከብዳሉ። ማስተርን በ2007 «ዩቶፒያ» ላይ ታገኙታላችሁ። የአፍሪካ ከተማ ማየት የሚፈልግ ካለ፣ ሩዋንዳ የተወለደው ንኩቲ ጋትዋ ዶክተር ሆኖ ሌጎስ ውስጥ አንድ ፀጉር ቤት የሚገባበት የ2025 ክፍል አለ፤ ናይጄሪያ የተወለደው ኢኑዋ ኤላምስ ነው የጻፈው። «ብሊንክ»ን ግን በቀን እዩት። መጨረሻው ላይ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ እኛ ሰፈር በዚያው ደቂቃ መብራት ሄዶ ሦስት ልጆችና አንድ መካኒክ ጮኸዋል።